በሐበሻ የሚቆጥረው ኮምፒዩተር

ዓለም ሁሉ ስለ ኮምፒዩተር ሰዓት በሚያወራበት በዚህ ሰሞን እትዬ ሀሊማ ዐረፉ። ቴሌቪዥኑ የፈረንጁ ዓመት ሁለት ሺህ ሲገባ ኮምፒዩተሮች ቀኑ ይጠፋባቸዋል፣ መብራት ይቋረጣል፣ ባንክ ይዘጋል እያለ ያስፈራራል። የሲያትል ሰው ውሃና ባትሪ እየገዛ ጓዳው ውስጥ ይከምራል። እኔ ግን ዜናውን ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣ ነበር። ቀኑ የጠፋበት ኮምፒዩተር በዓይኔ አይቻለሁ። እዚሁ ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ውስጥ፣ ከሽሮ ጆንያ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ይህንን ሄጄ ለእርሳቸው ለመንገር፣ ስድባቸውንም ለመስማት እያሰብኩ ነበር ከድር ከፌደራል ዌይ የደወለልኝ።

«ገጣሚው፣ ቆመሃል ወይስ ተቀምጠሃል?»

«ቆሜያለሁ።»

«እንግዲህ ተቀመጥ።»

ከድር ታክሲ ነጂ ነው፤ ወሬ ማሳጠር ይችልበታል። እትዬ ሀሊማ ጠዋት ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲነሱ ደክሟቸው ቁጭ አሉ፤ ከዚያ አልተነሱም። ይኸው ነው። «ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ለቅሶው እኔ ቤት ነው፤ ሰፋ ስለሚል» አለኝና፣ «ፋሪስ የአክስቱን ሲዲ ይዞ ይመጣል። አትቅር» ሲል ጨመረ።

እንዴት እቀራለሁ።

እትዬ ሀሊማ አጭርና ፈጣን ሴት ነበሩ። ሁለት መነጽር ነበራቸው፤ አንዱ በክር ደረታቸው ላይ ይንጠለጠላል፣ ሌላው ሻሻቸው ላይ ይወጣል፣ በአንደኛው ሌላኛውን ሲፈልጉ ይውላሉ። ከረጅም ቀሚሳቸው በታች የወንድ ስኒከር ያደርጋሉ። ሱቁ የገባን ሰው ሁሉ ቀጠሮ አርፍዶ እንደመጣ አድርገው ነበር የሚቀበሉት፦ «አሁን ነው የምትመጣው?» ይላሉ፤ ሰውየው ሱቁን ያየው የመጀመሪያ ቀኑ ሊሆን ይችላል። ሱቃቸው በልብስ ማጠቢያ ቤትና በአንድ የቬትናሞች ዳቦ ቤት መካከል ነበር። ሐላል ሥጋ፣ በርበሬ፣ ተምር፣ የስልክ ካርድና ባዶ ካሴት ይሸጣሉ።

አንድ አባባል ነበራቸው፤ ሬኒየር ቫሊ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፦ «ቁልፉ የማን እጅ ነው?»

አንዷ ልጅ ቤት ያለው ሰው ሊያገባኝ ነው ብላ ስትነግራቸው፣ «ማሻአላህ፤ ቁልፉስ የማን እጅ ነው?» አሏት። አንዱ ምግብ ቤት በሽርክና ከፈትኩ ሲላቸውም ያው ነው። ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፣ አንድ ቀን ምስር እየመዘኑ ከየት እንዳመጡት እስኪነግሩኝ ድረስ። አባታቸው ደሴ ውስጥ ሱቅ ነበራቸው። በደርግ ጊዜ ታሸገ። «ዕቃው የአባቴ፣ ቤቱ የአባቴ፤ ቁልፉ ግን ቀበሌ ነበር» አሉኝ። «በበሩ ስንጥቅ የራሳችንን ስኳር እያየን ሻያችንን መራራ ጠጣን። ምስሩ ይበቃሃል?»

እንዲህ ነበር ነገራቸው። ከባዱን ነገር ከቀላሉ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ይጭኑታል፤ ለማዘን ጊዜ አይሰጡህም።

ስለ እናታቸው ካሴትም የነገሩኝ እንደዚሁ ቆመው ነው። የዚያን ጊዜ ስልክ ውድ ነበር፣ ደብዳቤ ደግሞ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሰው ካሴት ይቀዳል፤ በመንገደኛ ይላካል። እናት ደሴ ተቀምጣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ሞተውና ስለ ተወለደው ትናገራለች፤ ልጅ ሲያትል ሆኖ ይሰማል። ካሴት የሚቀዳ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ «እንዴት ነሽ?» ካለ በኋላ ዝም ይላል። ማንም እንደማይመልስለት እያወቀ ለመልሱ ቦታ ይተዋል። ከዚያ የተመለሰለት ይመስል፣ «አልሐምዱሊላህ፣ እኛም ደህና ነን» ብሎ ይቀጥላል።

ሌላም ጠባይ አለን። የአገር ቤት ሰው ዕቃ አይጥልም። የመጣው ካሴት ከተሰማ በኋላ መልሱ እዚያው ላይ ይቀዳና ያው ካሴት ተመልሶ ይሄዳል። የልጅ ድምፅ የእናትን ይደመስሳል፣ የእናት የልጅን፣ ደግሞ ይመላለሳል። ማንም ክፋት አላየበትም። ቁጠባ ነው።

እትዬ ሀሊማም የእናታቸው ካሴት መጣላቸው፤ ሰሙት፤ ላዩ ላይ መልሳቸውን ቀድተው ላኩ። ካሴቱ ደሴ ሲደርስ እናታቸው ሞተው ነበር። ዘመድ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ መለሰላቸው። ሲከፍቱት፣ «እማዬ፣ እንዴት ነሽ?» የሚለው የራሳቸው ድምፅ ነው።

«የእናቴ ድምፅ ከሥሩ አለ፤ እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬበት» አሉኝ። «ከረጢት ይዘሃል ወይስ ልስጥህ?»

ኮምፒዩተሩን የገዙት ከዚያ በኋላ ነው። የአንድ የተዘጋ ቢሮ ዕቃ ሲሸጥ አይተው አመጡት፤ ቢጫ የሆነ፣ ትልቅ፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ። ለሒሳብ ነው ብለው ነበር፤ ሒሳብ ግን አንድም ቀን አልተሠራበትም። የእህታቸው ልጅ ፋሪስ፣ ኮሌጅ ኮምፒዩተር የሚማረው፣ ከቴፑ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄድ አንድ ቀጭን ገመድ ሰካላቸው። ካሴቱ ሲዞር ድምፁ በገመዱ ይፈስና ፋይል ይሆናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁ ሕግ ወጣለት፤ ድምፁ ሳይገለበጥ በካሴት ላይ መልስ የሚቀዳ ሰው እትዬ ሀሊማ ዘንድ በርበሬም አያገኝም።

ካሴት የሚገለበጠው በርዝመቱ ልክ ነው፤ ማፋጠን የለም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የአንዱ እናት ስታወራ ሱቁ የሞላ ሰው ይሰማል። የሰው ምስጢር የሚነካ ቦታ ሲደርስ፣ ስለ ርስት ክርክር ወይም ስለ አማች ሐሜት ሲነሳ፣ እትዬ ሀሊማ ዘለው የበርበሬ መፍጫውን ይከፍቱታል። ያጓራል። ገመዱ ውስጥ አይገባም፤ ሰው ጆሮ ብቻ ነው የሚገባው። ምስጢሩ ሲያልፍ ያጠፉታል። በዚያ ሰፈር በርበሬ እንደዚያ የላመበት ዘመን አልነበረም።

ሰዓቱንና ቀኑን ኮምፒዩተሩ ላይ ያስተካከሉት ራሳቸው ናቸው። በሐበሻ። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ጥቅምት፣ ዘጠና ዓመተ ምሕረት። ከጎኑ ግድግዳው ላይ የአገር ቤት ካላንደር ተሰቅሏል፤ ሁለቱን እያነጻጸሩ ሲስማሙ ደስ ይላቸዋል። ጥቅምት ሁለተኛው ወር ስለሆነ ማሽኑ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ እየመሰለው ይሄድ ነበር። እኔ ሳየው በሆዴ ስቄ አለፍኩ። ማንን ይጎዳል ብዬ።

ችግሩ የመጣው በፋይሎቹ ክብደት ነው። በተራው መንገድ የተቀዳ ድምፅ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ የዚያን ጊዜ ዲስክ ደግሞ ጠባብ ነው። የሰፈሩ እናቶች በዝተው ማሽኑ ሞላ። ፋሪስ አንድ ቀን ከኢንተርኔት ያወረደውን ፕሮግራም ይዞ መጣ። ድምፅን ጨምቆ ትንሽ ያደርጋል፤ የተጨመቀውን ግን ከራሱ ከፕሮግራሙ በቀር የሚከፍተው የለም።

«ቁልፉ የማን እጅ ነው?» አሉ እትዬ ሀሊማ ወዲያው።

«አክስቴ፣ ፍሪ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ለሠላሳ ቀን። ከዚያ ትንሽ ነገር ከፍለን ሬጅስተር እናደርገዋለን። ኦኬ?»

ቅር አላቸው። ግን ከበሩ ውጭ ካሴት የያዘ ሰው ተሰልፏል፤ ማሽኑ ውስጥ ቦታ የለም። «ይሁን» አሉ። ፋሪስ የድሮዎቹን ፋይሎችም ጨምቆ ትልልቆቹን አጠፋቸው። ጠርጥረው ሳሉ የተሸነፉበትን አንድ ቀን ያየሁት ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን የከድር እናት ካሴት መጣ።

ከድር ያኔ ቢከን ሂል ሰፈር ይኖር ነበር፤ ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን እርጉዝ ናት። የመጀመሪያውን ልጅ ስም የሚስቱ ወገኖች አውጥተውት፣ የከድር እናት ሲሰሙ በካሴት፣ «ይሁን» ብቻ ብለው ነበር። ያቺ አንዲት «ይሁን» ከድርን ጎኑን ስትወጋው ኖራለች። «ስድብ ቢሆን እረሳው ነበር» ይላል። ስለዚህ የሁለተኛውን ስም እንዲያወጡ ለመናቸው። መልሳቸው በዚህ ካሴት ላይ ነው።

እኔም ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። የአሮጊቷ ድምፅ ጥርት ያለ፣ ትንሽ ሣቅ ያለበት ነው። «ከድሬ፣ ልጄ፣ የልጅህን ስም አውጥቼልሃለሁ» አሉ። «አሁን ግን አልነግርህም። አንተ ከድሮም ጆሮህን ትሰጥና እግርህ ይሄዳል። እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለህ ስማኝ። ስሙ ከምርቃቱ በኋላ ነው።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ከድርም ሳቀ፤ እየሳቀ ሰዓቱን አየ። ታክሲውን ዕቃ ማራገፊያ ላይ ፓርክ አድርጎታል። ኤርፖርት የሚወስደው ሰው አለ። «ፋይል ይሆን የለ? ቅዳሜ መጥቼ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ወጣ። ማታ ካሴቱን ወሰደ፤ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ስላገኘ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ መልሱን ላዩ ላይ ቀድቶ ላከው። ሕጉን አልጣሰም፤ ድምፁ ተገልብጧል። ቀጣዩ ቅዳሜ ሥራ በዛ። ከዚያ ልጅቷ ቸኩላ፣ ከቀኗ ቀድማ ተወለደች።

በእነርሱ ወግ ስም የሚወጣው በሰባተኛው ቀን፣ በግ ታርዶ፣ ሰው ተጠርቶ ነው። ከድር ሰው ጠራ። ከዚያ ስሙን ሊሰማ ወደ ሱቁ መጣ። ፋሪስ ፋይሉን ሲነካው አንዲት ግራጫ ሳጥን ብቅ አለች፤ የሙከራ ጊዜዎ አልቋል ትላለች።

ሌላውን ነካ። የሁሉም መልስ አንድ ነው። የሰፈሩ እናቶች በሙሉ ከግራጫ ሳጥን በስተጀርባ ቀሩ።

ፋሪስ ያልሞከረው የለም። ልግዛው ብሎ ኩባንያው ጋ ኮል አደረገ፤ ቁጥሩ አገልግሎት አይሰጥም። ድረ ገጹም ጠፍቷል። ማን ያውቃል፣ ሁለት ልጆች አንድ ጋራዥ ውስጥ የጀመሩት ነገር ይሆናል፤ ኪራይ ከበዳቸውና ቁልፉን ይዘው ሄዱ። ከድር ደሴ አጎቱ ሱቅ ደወለ። እናቱ ለአጨዳ ገጠር ወርደዋል፤ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ሰባተኛው ቀን ያልፋል።

«ሌላ ስም ስጣት» አለው አንድ ሩዝ ሊገዛ የመጣ ሰው። «ኋላ ትለውጣለህ።»

ከድር የታክሲውን ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ቆሟል። «እናቴ ደውላ፣ 'እስከ መጨረሻው ሰማኸኝ?' ትለኛለች» አለ። «ለልጄ እናቴ ያላወጣችላትን ስም ሰጥቼ ምን እመልስላታለሁ? ደግሞ 'ይሁን' ልትለኝ?»

እትዬ ሀሊማ እንደ ወትሮው ወደ ቀልድ አልዞሩም። ሻሻቸው ላይ ያለውን መነጽር አወረዱና በእጃቸው ያዙት። እኔ የካሴቱን ታሪክ ስለማውቅ ፊታቸውን ማየት አልደፈርኩም። የሰው እናት እንዳትደመሰስ ብለው የሠሩት ቤት የሰው እናት ቆልፎ ያዘ።

ፋሪስ ከኪቦርዱ ቀና ሳይል ማጉረምረም ጀመረ። «አይ ዶንት ጌት ኢት። ሠላሳ ቀን አልሞላም እኮ። ሰዓቱን ሁሉ ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ምንም።»

«የምን ሰዓት?» አሉ እትዬ ሀሊማ።

«የኮምፒዩተሩን።»

«የኔን ሰዓት ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ፣ ባለፈው ሳምንት! አንቺ አይደለሽ ፊክስ አድርግልኝ ያልሽው?»

እውነት ነው፣ ብለውታል። ጥቅምት ሃያ ስምንት በሆነ ማግስት ማሽኑ ዘልሎ ኅዳር አንድ ብሎባቸው፣ «ሁለት ቀኔን በላው፤ ጥቅምትን በሃያ ስምንት የሚጨርስ ምን ዓይነት ቀማኛ ነው?» እያሉ ሲሳደቡ ሰምቻለሁ።

«ሁለቱን ቀን መልስልኝ ነው ያልኩህ» አሉት።

«አክስቴ፣ ሁለት ቀን ብቻ መሰለሽ? ዓመቱ ሁሉ ሮንግ ነበር። ናይንቲን ናይንቲ ነው የሚለው! ዘጠና!»

«ታዲያ ስንት ሊል ኖሯል?»

«ዘጠና ሰባት ነዋ!»

«የማን ዘጠና ሰባት?» እትዬ ሀሊማ ክንዳቸውን ዘርግተው ግድግዳውን አሳዩት። «አንብብ። ዘንድሮ ስንት ይላል? ዘጠና! እኔ ቤት ውስጥ ዘንድሮ ዘጠና ነው!»

ፋሪስ ካላንደሩን አየ። ስክሪኑን አየ።

«ኦ ማይ ጋድ» አለ በቀስታ። «ፕሮግራሙን የጫንኩት በዘጠና ነው። እሱ የተወለደው በዘጠና ነው። እኔ ሳስተካክለው ሰባት ዓመት ያለፈው መሰለው። አንድ ወር ብመልሰው ምን ዋጋ አለው?»

መጀመሪያ የሳቀው ከድር ነው። ልጁን ስም አልባ ቤት ትቶ የመጣ ሰው እንዲህ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። «ሶ ምን ትጠብቃለህ? ወደ ሐበሻ መልሰው!» ብሎ ጮኸ።

ፋሪስ ቀኑን መለሰው። ኅዳር ሦስተኛው ወር ነው። ዓመቱ ዘጠና። ሰዓቱንም ሳይጠየቅ በሐበሻ አደረገው። ፋይሉን ነካ።

«ከድሬ፣ ልጄ...»

ከሩዙ ጋር የቆመው ሰውዬ ሳያስበው ጮክ ብሎ፣ «እሰይ!» አለ።

እትዬ ሀሊማ ግን አልጮኹም። ወደ ከድር ተጠግተው መዳፋቸውን ዘረጉ። «አምጣ።»

«ምኑን?»

«የታክሲውን ቁልፍ።»

«እትዬ፣ ዛሬ የትም አልሄድም...»

«ቁልፉ የማን እጅ ነው?»

ሰጣቸው። ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና ከድርን ከጆንያው ላይ አስቀመጡት። ከድር እስከ መጨረሻው ሰማ። ስለ ማሽላው ሰማ፣ ስለ ጎረቤት አህያ ሰማ፣ ስለ አንድ የሞተ አጎት ሰምቶ አለቀሰ። አንድ ቦታ ላይ እትዬ ሀሊማ በርበሬ መፍጫውን ከፈቱ፤ ምን እንደተባለ እስከ ዛሬ አናውቅም፣ ከድር ግን ጆሮውን ማጫወቻው ላይ ለጥፎ ቀላ። ከዚያ ምርቃቱ መጣ፤ ረጅም ነው፣ ሱቅ ውስጥ ያለን ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ መዳፋችንን ዘርግተን አሜን አልን። ከምርቃቱ በኋላ አሮጊቷ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሴት ከሆነች ነጃት በላት። በል አሁን ሂድ፤ እግርህ እንደሆነ ቆሟል።»

እትዬ ሀሊማ ቁልፉን መለሱለት።

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያ ላይ ድግስ ታደርግ ነበር። እርሳቸው ገና ከድር በሩን ሳይዘጋ ወደ ፋሪስ ዞሩ። «ስንት ቀን ቀረው ይሄ ጉድ?»

«ጥቂት። ከሳምንት በታች።»

«ሁሉንም አውጣልኝ። ማንም ሊዘጋው ወደማይችል ነገር።»

ፋሪስ ያን ቀን ተዋርዶ አልነበረም፤ ተነቃቅቶ ነበር። ክፍት ፎርማት የሚሉት ነገር እንዳለ ነገራቸው። አሠራሩ ለሁሉም የተገለጠ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። የፈለገ ሰው አንብቦ ማጫወቻ ይሠራለታል። አንዱ ማጫወቻ ቢጠፋ ሌላው ይከፍተዋል፤ አንዱ ኩባንያ ቢዘጋ ምንም አይደል።

«እንደ ሽሮ አሠራር ነው በለኛ» አሉት። «እኔ ብሞት ጎረቤቴ ትሠራዋለች።»

«ኤግዛክትሊ። ግን ፋይሉ ትልቅ ይሆናል፣ አክስቴ።»

«ይተልቅ። እናት ናት፤ ቦታ እንፈልግላታለን።»

የሙከራው ፕሮግራም ፋይል ቀይሮ ማውጣት አይፈቅድም። ስለዚህ ያቺኑ ቀጭን ገመድ አመጡ። የተቆለፈውን ፋይል በቢጫው ማሽን ላይ ያጫውቱታል፤ ድምፁ በገመዱ ወጥቶ ፋሪስ ከጓደኛው የተዋሰው ሌላ ኮምፒዩተር ውስጥ ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ልክ እንደ ካሴቱ፣ በርዝመቱ ልክ። ቀኑ እስኪሞላ ድረስ ሱቁ ከጠዋት እስከ መዝጊያ ሲያወራ ዋለ። ከሐረር፣ ከመርካቶ፣ ከከሚሴ፣ ከጎንደር፣ የማን እናት እንደሆነች የማናውቃት ሁሉ ስለ ዝናብ አወራችን። ሰው ሥጋ ሊገዛ ገብቶ ቆሞ ይቀራል። አንዲት ሴት የአባቷን ድምፅ ሰምታ የያዘችውን እንቁላል በቀስታ መሬት አስቀመጠች። የመጨረሻው ፋይል ሲያልቅ ፋሪስ ለእያንዳንዱ ባለቤት ሲዲ ቀዳ። እትዬ ሀሊማ ሲያድሉ ሁሉንም እንዲህ አሏቸው፦ «ሌላ ሰው ቤት ወስደህ ክፈተው። የኔን ማሽን አትመን። እዚያ ከተከፈተ ያኔ ያንተ ነው።»

ቆይቶ የሠርግ ቪዲዮ ሁሉ በዚያው መንገድ መጣ። ምስሉ የክብሪት ቀፎ ያህላል፤ ሙሽራው ይቆራረጣል፤ ግን በማንም ኮምፒዩተር ላይ ይጨፍራል።

ከእኔም ጋር አንድ ጉዳይ ነበራቸው። ያን ሰሞን ግጥም እጽፍ ነበር፤ አሁንም እጽፋለሁ፣ የያኔው ግን ማንም እንዳይገባው ተጠንቅቄ የምጽፈው ነበር። አንድ ቀን ማይክሮፎኑ ላይ እንዳነብ ፈቀዱልኝ። ክንዳቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ድምፅህ ያምራል» አሉኝ።

«ግጥሙስ?»

«እሱማ ያንተ ነው፤ ቁልፉ አንተ እጅ ነው። ሰው በምን ይግባ?»

ተናድጄ ለአንድ ሳምንት ያህል ሽሮ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። ስመለስ፣ «አሁን ነው የምትመጣው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ስንኝ ስጽፍ በሩን ገፋ አድርጌ አየዋለሁ፤ የማያውቀኝ ሰው ቢመጣ ይከፈትለታል? ካልተከፈተ እንደገና እጽፋለሁ። ከማንም መምህር ይህን ያህል አልተማርኩም፤ እርሳቸው ደግሞ አስተማሪዬ እንደነበሩ ሳያውቁ ሄዱ።

ከድር ቤት ስደርስ ዝናቡ ያካፋ ነበር። ጫማ በሩ ላይ ተከምሯል። ሳሎኑ ውስጥ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ በዝግታ ያወራል፤ ግማሹን አውቀዋለሁ፤ የማላውቀውን ደግሞ ከእናቱ ድምፅ አውቀዋለሁ። ፋሪስ ዓይኑ አብጧል። ከጃኬቱ ውስጥ ሲዲ አወጣ።

«ከራሷ መሳቢያ ነው ያገኘሁት» አለኝ። «ላዩ ላይ ምንም አልጻፈችበትም።»

የከድር ኮምፒዩተር ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው፤ አዲስ ነው፤ እትዬ ሀሊማ ሱቅ ገብቶ አያውቅም። ማጫወቻውም ሌላ ነው፤ ያንን ፋይል የሠራውን ፕሮግራም ስሙን እንኳ አይቶ አያውቅም። ፋሪስ ሲዲውን ከተተው። አንድ ፋይል ብቻ ነበር። እጁ ማውሱ ላይ ትንሽ ቆየ። ምን እንዳስፈራው ገባኝ፤ ያቺ ግራጫ ሳጥን ትዝ ብላው ነው።

ነካው። ማን ነህ ሳይለው፣ ከየት መጣህ ሳይለው፣ ተከፈተ።

መጀመሪያ የካሴት ሹክሹክታ ተሰማ። ከዚያ አንዲት ወጣት ሴት፣ ትንሽ የቸኮለች፣ እየሳቀች ተናገረች። ያን ድምፅ ያን ያህል ወጣት ሆኖ ከመካከላችን የሰማው አልነበረም፤ ግን ሁላችንም አወቅነው።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

ዝም አለች። ለመልሱ ቦታውን ተወችለት።

የከድር ልጅ ነጃት ኮምፒዩተሩ እግር ሥር ቁጭ ብላ የአንዱን እንግዳ ጫማ ክር ትፈታ ነበር። ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለሰላምታ የምታውቀው መልስ አንድ ብቻ ነው። ቀና አለችና ድምፁ ወደመጣበት አየች።

«ፋይን!» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ሀሊማ። «እኛም ደህና ነን።»